በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ስለሚኖሩ ተባዮችና ስለ ማጥፊያቸው

ከባድ የጭነት መኪና የሚነዳ ሰው ሁለት ቤት አለው። አንደኛው ሚስቱና ልጆቹ የሚኖሩበት ነው፤ ሁለተኛው ግን ከመሪው በስተ ኋላ ያለው፣ አንድ ሰው በጭንቅ የሚያስተኛው ጠባብ አልጋ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዳማ፣ በአዋሽ፣ በሚሌና በጋላፊ አድርጎ ጅቡቲ ወደብ የሚደርሰው መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ጉዞው ራሱ በጥቂት ቀን ያልቃል፤ የሚረዝመው ግን በጉምሩክ በርና በወደቡ ደጃፍ ተራ መጠበቁ ነው። በዚያ ጊዜ ሹፌሩና ረዳቱ በጋቢናው ውስጥ ይተኛሉ፣ ይበላሉ፣ ቡና ያፈላሉ፣ ልብሳቸውን ይሰቅላሉ። ስለዚህ ጋቢናው መኪና ከመሆኑ ይልቅ ቤት መሆኑ ይበልጣል። ሰው የሚተኛበትና የሚበላበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ሳይጠራ የሚመጣ እንግዳ አያጣም።

በአሜሪካና በአውሮፓ ሰዎች አልጋና ማእድ ቤት ያለው መኪና ገዝተው ለዕረፍት ይጓዙበታል። የሚያስቸግራቸውም ተባይ ከእኛው ጋር አንድ ወገን ነው፤ ልዩነቱ እነርሱ የሚጓዙት ለመዝናናት፣ የእኛዎቹ ለእንጀራ መሆኑ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በራሳችን ላይ የደረሰ ነገር ነው። አባቴ በዚሁ መንገድ የሚመላለስ የተሳቢ መኪና ሹፌር ነው። በ2016 ዓ.ም. በግንቦት ወር ትኋን እንቅልፍ ስለ ነሣው፣ በውሃ ፕላስቲክ የተቀዳ፣ ምንም ጽሑፍ ያልተለጠፈበት መርዝ ከገበያ ገዛ። ሻጩ «በውሃ በጥብጠህ ርጭ» ከማለት በቀር ሌላ አልነገረውም። አባቴም ፍራሹን፣ ወንበሩን፣ ጣራውን ሳይቀር ረጭቶ መስኮቱን ዘጋ። ማታ ረዳቱ ሊተኛ ሲገባ፣

«ጋሼ፣ ሽታው እኮ አልወጣም» አለው።

«እነርሱን የሚገድላቸው ሽታው ነው፤ አንድ ሌሊት ቻለው» ብሎ አባቴ መለሰለትና እርሱ ሸራ አንጥፎ ከመኪናው ሥር ተኛ።

ሌሊት ረዳቱ በመውጫው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ምራቁ ያለ ልክ ይዝረበረባል፣ ዕንባው ይወርዳል፣ ላብ አጥምቆታል፣ ያስመልሰዋል፤ የዐይኑ ብሌንም በባትሪ ብርሃን ሲታይ የመርፌ ራስ አክሎ ነበር። በመንገዱ አጠገብ ባለ ጤና ጣቢያ ሁለት ቀን ተኝቶ ዳነ። ትኋኖቹ ግን በሦስተኛው ሳምንት ተመልሰው መጡ።

ነገሩን ለባዮሎጂ መምህራችን ብነግራቸው፣ «እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ መርዙ ሰውየውን አግኝቶ ትኋኑን እንዴት ሳተው? ፈልገህ ጻፍ» አሉኝ። ከዚህ በታች ያለው ፈልጌ ያገኘሁት ነው።

መጀመሪያ ያደረግሁት ጋቢናውን መለካት ነው። ወርዱ 2.1 ሜትር፣ ከፊት መስተዋቱ እስከ ኋላው ግድግዳ 1.9 ሜትር፣ ቁመቱም 1.6 ሜትር ሆነ። ሦስቱ ሲባዙ 6.4 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል፤ ወንበሩና አልጋው የያዙት ቦታ ሲቀነስ ለሰው የሚቀረው አየር ከዚህም ያንሳል። የእኛ የመማሪያ ክፍል 8 ሜትር በ7 ሜትር፣ ቁመቱም 3 ሜትር ስለ ሆነ 168 ሜትር ኩብ ይይዛል። እንግዲህ በክፍላችን ውስጥ ቢረጭ ጥቂት የሚባል መርዝ በጋቢና ውስጥ ሲረጭ ሃያ ስድስት እጥፍ ከብዶ ይገኛል። በዚያም ላይ ተማሪ ሲመሽ ክፍሉን ትቶት ይሄዳል፤ በጋቢና ውስጥ ግን ሰው አፍንጫውን በተረጨው ፍራሽ ላይ ደፍቶ ስምንት ሰዓት ያድራል።

ሁለተኛው ምክንያት ከመርዙ ጠባይ የመጣ ነው። በረዳቱ ላይ የታየው ምልክት ኦርጋኖፎስፌት ከሚባለው የመርዝ ወገን ከሚመጣው ሕመም ጋር ይገጥማል። በገበያ ማላታይን እየተባለ የሚጠራው ማላቲዮን ከዚሁ ወገን ነው። በሰውም ሆነ በነፍሳት ሰውነት ውስጥ አንዱ ነርቭ ለሌላው ወይም ለጡንቻ መልእክት ሲያስተላልፍ አሴቲልኮሊን የሚባል ቅመም ያፈስሳል፤ መልእክቱ ከደረሰ በኋላ ይህን ቅመም ወዲያው የሚሰባብር ኤንዛይም አለ። መርዙ ይህን ኤንዛይም ሥራ ያስፈታዋል። ያን ጊዜ መልእክቱ ማቆሚያ ያጣል፤ ምራቅ ይፈስሳል፣ ብሌን ይጠብባል፣ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል፣ ነገሩ ሲከፋም መተንፈስ ያቅታል። በዚህ ረገድ የእኛ ነርቭ የሚሠራበት መንገድ ከትኋን ነርቭ ጋር አንድ ስለ ሆነ መርዙ ሰው ነው ተባይ ነው ብሎ አይመርጥም። እርግጥ የሰው ሰውነት ማላቲዮንን ቶሎ ስለሚያፈርሰው ከወገኖቹ መካከል ለዘብ ያለ የሚባለው እርሱ ነው። ነገር ግን ስም በሌለው ፕላስቲክ ውስጥ ያለው እርሱ ይሁን ሌላ፣ ምን ያህልስ ይክበድ፣ ገዢው በምን ያውቃል?

ሦስተኛው ምክንያት ራሱ ትኋኑ ነው፤ እርሱ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል።

ትኋን ክንፍ የለውም፤ አይበርም፣ አይዘልልም። አዋቂው ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው፤ ሲርበው እንደ ምስር ክክ ጠፍጣፋ፣ ሲጠግብ ቀይና ድብልብል ይሆናል። ሊቃውንት ሁለት ዐይነት ሰው ነካሽ ትኋን ይለያሉ፤ ሲሜክስ ሌክቱላሪየስ በቀዝቃዛውም በሞቃቱም አገር፣ ሲሜክስ ሄሚፕተረስ ይልቁንም በቆላ አገር ይገኛል። የቅርብ ዘመዶቻቸው በዋሻ ውስጥ የሌሊት ወፍ ደም ይመጥጣሉ። ቀን ተደብቆ፣ ሌሊት ሰው ሲተኛ የምንተነፍሰውን የተቃጠለ አየርና የገላችንን ሙቀት ተከትሎ ይመጣል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጠግቦ ይመለሳል። በሽታ ከሰው ወደ ሰው ያስተላልፋል የሚል ማስረጃ እስካሁን አልተገኘም። ይሁን እንጂ እንቅልፍ ያጣ ሹፌር የአፋርን ሜዳ በቀትር ሲያቋርጥ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ሴቲቱ በሕይወት ዘመንዋ ብዙ መቶ ዕንቁላል ትጥላለች። ዕንቁላሉ 1 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ነጭና ሙጫ ያለበት ነው፤ በእንጨት ስንጥቅ ወይም በጨርቅ ስፌት ላይ ይጣበቃል፤ በሞቃት ቦታም በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ይፈለፈላል። ልጁ አዋቂ እስኪሆን አምስት ጊዜ ቆዳውን ይለውጣል፤ በእያንዳንዱም ጊዜ ቢያንስ አንድ ጊዜ ደም መጠጣት አለበት። አሁን የአባቴን ነገር በዚህ ብንመዝነው፣ መርዙ በፊት ለፊት ያገኛቸውን ገደለ፤ በስፌትና በብሎን ቀዳዳ ውስጥ የነበሩትን ዕንቁላሎች ግን አልነካም። ከዐሥር ቀን በኋላ ተፈለፈሉ፤ በሦስተኛው ሳምንት መንከስ ጀመሩ። ተመልሰው መጡ አልን እንጂ ከቶም አልሄዱም ነበር።

በተጨማሪ ትኋን መርዝን ይለምዳል። ዲዲቲ የሚባለው ዱቄት ነፍሳትን እንደሚገድል የስዊስ ተወላጅ የሆነው ፓውል ሙለር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1939 አገኘ፤ ስለዚህም ሥራው በ1948 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሰው ሁሉ ትኋን ከዓለም ሊጠፋ ነው ብሎ ተስፋ ሲያደርግ፣ በ1947 በሃዋይ ደሴቶች በፐርል ሐርበር በነበሩ የወታደር መኝታ ቤቶች ዲዲቲ የማይገድላቸው ትኋኖች ተገኙ። ዲዲቲም በኋላ በሰውና በአካባቢ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት በ2001 በተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት የወባ ትንኝን የመሰለ በሽታ አስተላላፊን ከመከላከል በቀር ለሌላ አገልግሎት እንዳይውል ተወሰነ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ፓይረትሮይድ የሚባሉት፣ ዛሬ በቆርቆሮ ታሽገው የሚሸጡት ፍሊቶች ብዙዎቹ የሚሠሩባቸው መርዞችም በብዙ አገር ትኋን ለምዷቸዋል። ስለዚህ ያልሞተውን ለመግደል መጠኑን እየጨመሩ መርጨት ሰውን ከመጉዳት በቀር ዋጋ የለውም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ትኋኑ ያለበትን ማግኘት ነው። ባትሪና አሮጌ የመታወቂያ ካርድ ይዘን ጋቢናውን ግማሽ ቀን ፈተሽን። ካርዱ በስፌትና በስንጥቅ ውስጥ እየገባ የተደበቀውን ያወጣል። የሚፈለገው ትኋኑ ብቻ አይደለም፤ የቀለም ነጠብጣብ የሚመስል ጥቁር ኩሱ፣ የለወጠው ቢጫ ቆዳና ዕንቁላሉም ምልክት ናቸው። እኛ ያገኘነው በፍራሹ ስፌት ዙሪያ፣ አልጋው በሚታጠፍበት ማጠፊያ፣ በመጋረጃው እጥፋት፣ በወንበሩ መደገፊያ ሥርና (ይህን ማንም አልጠረጠረም) አባቴ ከመስተዋቱ ላይ ባንጠለጠለው የጨርቅ ጌጥ ውስጥ ነው።

ቀጥሎ ሙቀት ነው። ትኋን መርዝን ቢለምድም ሙቀትን አይችልም። በ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አዋቂው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አይቆይም፤ ዕንቁላሉ ግን 7 ሰዓት ያህል ይታገሣል። በ48 ዲግሪ ዕንቁላሉም ከአንድ ሰዓት ጥቂት ከፍ ባለ ጊዜ ይሞታል፤ ከ55 ዲግሪ በላይ ሲሆን ሁሉም ወዲያው ያልቃል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ነገሩ ቀላል መሰለኝ። የተዘጋ ጋቢና በፀሐይ ላይ ሲቆም እንዴት እንደሚግል ማን አያውቅም? አባቴንም መስኮት ዘግተህ አንድ ቀን አቁመው ብዬ ለመንሁት። ከትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ ሁለት ቴርሞሜትር ተውሼ አንዱን በመሪው ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ፣ ሁለተኛውን ከፍራሹ ሥር አኖርሁ። ከቀትር በኋላ በስምንት ሰዓት የሰሌዳው ከ60 ዲግሪ አልፎ ነበር። የፍራሹ ሥር ግን 39 ብቻ ነበር። ስፖንጅ ሙቀትን አያሳልፍምና ትኋኑ በጥላ ሥር እንደ ተኛ ሰው ደልቶት ውሏል። በዚህ አፍሬያለሁ፤ ነገር ግን ቴርሞሜትሩ ባይኖር ኖሮ ሥራው አለቀ ብዬ እምል ነበር።

ስለዚህ መንገዱን ለወጥን። ስስ የሆነውን ሁሉ፣ ይኸውም አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ መጋረጃና የወንበር ልብስ፣ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ አሥረን ወደ ቤት ወሰድንና እጅ በማያስነካ ሙቅ ውሃ ዘፍዝፈን አጠብነው፤ ውሃው ከ60 ዲግሪ በላይ እንዲሆን በቴርሞሜትሩ ለካነው። ለብረቱ አልጋ፣ ለማጠፊያውና ለብሎን ቀዳዳው የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ ቀስ እያልን አፈሰስን። በዚህ ጊዜ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለበት መራቅ ይገባል፤ አባቴ አስቀድሞ የባትሪውን ገመድ ነቀለው። አሮጌው ፍራሽ ስፌቱ ሁሉ ስለ ተቀደደ አቃጠልነው። አዲሱን ስፖንጅ እናቴ ዙሪያውን በዚፕ በሚዘጋ፣ ድሩና ማጉ በጠበቀ ነጭ ጨርቅ ጠቀለለችው። ነጩ ለጌጥ አይደለም፤ በነጭ ላይ አንዲት ጥቁር ነጠብጣብ ወዲያው ትታያለች። ፍራሹ ደኅና የሆነለት ሰው ግን ማቃጠል አያስፈልገውም፤ በእንደዚህ ያለ ልብስ ውስጥ ዘግቶ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይከፍት ቢያቆየው በውስጡ ያለው ትኋን በረኀብ ያልቃል። ጋቢናውን አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ባዶ መተው ግን አይጠቅምም፤ ትኋን ሳይበላ ብዙ ወር ይቆያልና።

ላቫጆ ያሉት ሰዎች በኮምፕሬሰር አየር እንንፋው ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው፤ ከአንድ ስንጥቅ ያወጣውን ወደ ሌላው ይበትነዋል። የሚስብ መጥረጊያ ማሽን ካላቸው ግን እርሱ በጣም ይጠቅማል፤ በውስጡ የተጠራቀመውን ቆሻሻ ወዲያው አሥሮ ማቃጠል ነው። ቤንዚን ወይም ነጭ ጋዝ መቀባትንም ብዙ ሹፌሮች ያደርጉታል። ቡና በሚፈላበት ጋቢና ውስጥ ቤንዚን መቀባት ምን ማለት እንደ ሆነ አልናገርም። እንዲሁም ጋቢናውን ለፀሐይ የሚዘጋ ሰው የፍሊት ቆርቆሮና ላይተር በውስጡ አይተው፤ በሙቀት ይፈነዳሉ።

ወደ በረሮ ስንመጣ፣ እርሱ ሰውን ሳይሆን የሰውን ፍርፋሪ ፈልጎ የሚመጣ ነው። በጋቢና ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ትንሹ፣ ከአንገቱ በላይ ሁለት ጥቁር መስመር ያለበት፣ ብላቴላ ጀርማኒካ የሚባለው ነው። ስሙ የጀርመን ይሁን እንጂ ሊቃውንት የዘር ቅንጣቱን መርምረው ትውልዱ ከደቡብ እስያ መሆኑን በአውሮፓ አቆጣጠር በ2024 አስታውቀዋል። ሴቲቱ ከ30 እስከ 40 ዕንቁላል የያዘ ከረጢት እስኪፈለፈል ድረስ ከሆድዋ ጫፍ ላይ ተሸክማ ትዞራለች፤ ስለዚህ አንዲት በረሮ በካርቶን ውስጥ ገባች ማለት አንድ መንደር ገባ ማለት ነው። ጀርባዋና ሆድዋ ግድግዳ የሚነካበት ጠባብና ሞቃት ቦታ ትወድዳለች፤ ከሰሌዳው በስተ ኋላ፣ ሽቦና ማሞቂያ ባለበት፣ ይህን ሁሉ ታገኛለች። የኩሱና የቆዳው ብናኝ አስም ያለበትን ሰው ያስነሣበታል።

በረሮን ለማሸነፍ ከምግቡ ይልቅ ውሃውን መቁረጥ ይበረታል። ይህ ትንሽ በረሮ ውሃ ካለ ያለ ምግብ አንድ ወር ያህል ይኖራል፤ ውሃም ምግብም ከሌለ ግን ሁለት ሳምንት አይሞላም። በጋቢና ውስጥ የሚያንጠባጥብ ጀሪካን፣ ያልታጠበ ሲኒ፣ ከማቀዝቀዣው ቱቦ የሚወርድ ጠብታ ለእርሱ ምንጭ ናቸው። አባቴ በሶውን፣ ስኳሩን፣ ዳቦውን ክዳኑ በሚገጥም አንድ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖር አስለመድነው፤ ካርቶን የተባለ ነገር ግን ከጋቢናው ተባረረ። ፍሊት ሲነፋበት በረሮ ወደ ሽቦዎቹ ውስጥ ይሸሻል እንጂ አያልቅም። ይልቁንም ቦሪክ አሲድ የሚባለውን ነጭ ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ከሁለት ማንኪያ ዱቄትና ከአንድ ማንኪያ ስኳር ጋር በጥቂት ውሃ ለውሶ እንደ አተር እያድቦለቦሉ፣ እጅ በማይደርስበት ከሰሌዳው ሥር ማኖር ይሻላል። ቦሪክ አሲድ የሚገድለው በዝግታ፣ በቀናት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ በማግስቱ አልሞቱም ብሎ መጨመር አይገባም፤ ሲበዛ በረሮው ራሱ ይሸሸዋል። ሕፃናት ወደ መኪናው የሚወጡ ከሆነ ግን ይህም መርዝ ነውና በፍጹም አይደረግ።

ጉንዳን መንገዱን በሳሙና ውሃ ካጠቡበት ይጠፋዋል። ዝንብም ቆሻሻ ካልተጠራቀመለት መኪናው ሲነሣ በመስኮት ይሄዳል። በእነዚህ ላይ ጊዜ አላጠፋም።

ሹፌሮች ከሁሉ ይልቅ የሚናቁት፣ ከሁሉም ይልቅ የሚገድለው ግን ትንኝ ነው። አባቴን ስለ ጋቢና ተባይ ስጠይቀው ትኋንና በረሮ ቈጠረልኝ እንጂ ትንኝን አላነሣም። በአዋሽና በሚሌ ያሉት የወባ ትንኞች የታወቁ ናቸው። ከእነርሱ በተጨማሪ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል፣ አገርዋ ደቡብ እስያና የዐረብ ምድር የሆነ ትንኝ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ በአገራችን በቀብሪ ደሐር ተገኘች። በጅቡቲ በ2012 የተመዘገበው የወባ በሽተኛ 27 ብቻ ነበር፤ በ2020 ከ73 ሺህ አልፏል። በ2022 በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያቱ ይህች ትንኝ መሆንዋ ተረጋግጧል። ሌሎቹ የወባ ትንኞች በረግረግና በኩሬ ሲራቡ፣ እርስዋ ሰው ባጠራቀመው ንጹሕ ውሃ፣ በበርሜል፣ በገንዳ፣ ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ ትራባለች። ስለዚህ ከተማ ወዳጅዋ ነው፤ መኪና የሚቆምበት ሰፈርም እንዲሁ።

ለዚህ የሚሆነው መድኃኒት ርካሽ ነው። የጀሪካኑን ክዳን መግጠም፣ ከተሳቢው ላይ የተሰቀለውን የውሃ በርሜል በየሳምንቱ ደፍቶ ውስጡን ፈግፍጎ ማጠብ፣ በሸራው እጥፋት ላይ የተጠራቀመውን ውሃ ማፍሰስ። ለመስኮቱ እናቴ ከአሮጌ አጎበር ቈርጣ፣ ጠርዙን በላስቲክ አጥብቃ በሩ ላይ የሚለበስ ሽፋን ሠራችለት፤ መስታወቱ ወርዶ ነፋስ እየገባ ትንኝ አይገባም። ይህ ሽፋን ሌላም ጥቅም አለው፤ ሰው መስኮቱን ከፍቶ መተኛት ከቻለ የመርዝ ሽታ በተዘጋ ቤት አይታፈንበትም። አንድ ሹፌር ከቆላ ተመልሶ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ቢይዘው፣ ለሐኪሙ የት የት እንዳደረ ቢነግር ምርመራው ይቀናል።

አንዳንድ ጊዜ ይህ ሁሉ ተደርጎ መርዝ የግድ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ስሙ፣ መጠኑና አጠቃቀሙ በግልጽ የተጻፈበትን ብቻ መግዛት ነው። በስፌትና በስንጥቅ መስመር ላይ በጥቂቱ እንጂ በአየሩ ላይ አይነፋም፤ በሚተኙበትም ልብስ ላይ አይረጭም። ከዚያ በኋላ ሁለቱም በር ተከፍቶ እስኪደርቅና ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ማንም አይተኛበትም። በተለይ ግን ለእህል ነቀዝ የሚደረገው ክኒን ወደ ጋቢና አይግባ። ይህ ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ሲሆን የአየሩ እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ በተዘጋ ቦታ ያለውን ሰው በተኛበት ይገድለዋል። ስንዴ የሚጭኑ መኪኖች ላይ በቀላሉ ስለሚገኝ «ለትኋንም ይሆናል» ብሎ የሚሞክር ሰው አይጠፋም። በመርዝ የተጎዳ ሰው ቢኖር መጀመሪያ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ የነካውን ልብስ ማውለቅ፣ ገላውን በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ ከዚያም ጠርሙሱን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። ጠርሙሱ የሚያስፈልገው ሐኪሙ ስሙን አንብቦ ማርከሻውን እንዲመርጥ ነው፤ የእኛ ጠርሙስ ግን የሚነበብ አልነበረውም።

ስለ ቤታችንም አንድ ነገር ልጨምር። ተባይ ከጋቢና ወደ ቤት የሚገባው በሹፌሩ ቦርሳና ብርድ ልብስ ነው። እናቴ አባቴ ሲመለስ ቦርሳውን ከደጅ ታስቀምጠዋለች፤ ልብሱም በቀጥታ ወደ ሙቅ ውሃ ይገባል። አባቴ በመጀመሪያ «ከቤቴ በር ላይ እንደ ኮንትሮባንድ እፈተሻለሁ እንዴ?» ብሎ ተቈጥቶ ነበር፤ አሁን ራሱ አውልቆ ይሰጣታል።

ጋቢናውን የጠረግነው በ2016 ዓ.ም. በሐምሌ ነው። በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ ስንፈትሽ ሰባት፣ ሦስት፣ አንድ፣ አንድ ትኋን አገኘን። በመስከረም ምንም አልነበረም። በኅዳር እንደ ገና ሁለት ተገኙ፤ ከየት እንደ መጡ ሲጠየቅ አንድ ጓደኛው ብርድ ልብሱን አውሶት ኖሯል። የፈላውን ውሃና ካርዱን እንደ ገና አወጣን። ከዚያ ወዲህ ነጩ ጨርቅ ነጭ እንደ ሆነ ነው፤ አባቴም ከጉዞ ሲመለስ ከሁሉ አስቀድሞ በባትሪ ያየዋል። ረዳቱ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ወደ ጋቢናው ከመውጣቱ በፊት በሩን ከፍቶ ጥቂት ያሸታል። አባቴም ይህን ሲያይ ምንም ሳይናገር ቆሞ ይጠብቀዋል።